የመጥፎ አዛዥ ጫና ታች ላለው ወታደር መድረስ የለበትም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ላይ ስለ ወታደራዊ አመራር የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ዲስፕሊንና ስለ ዕዝ ሰንሰለት አስፈላጊነት ያሰፈሩትን አብዛኛውን ሐሳብ እኔም እጋራዋለሁ። ይሁን እንጂ ወታደር አለቃውን ስለማይመርጥ ደካማ ወይም ክፉ አዛዥ ሲገጥመው ጥርሱን ነክሶ ቀኑን ከመግፋት በቀር ምርጫ የለውም በሚል መንፈስ የደመደሙበት ክፍል፣ ለረጅም ጊዜ በበታች ሹምነት ያገለገልኩትን እኔን አላሳመነኝም። አሁን በአገልግሎት ላይ ያሉ ወጣት ሃምሳ አለቆችና መቶ አለቆች ይህን አንብበው ሌላ መንገድ የለም ብለው እንዳይቀበሉት ስለሰጋሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሳሁ።

በመጀመሪያ የችግሩን ክብደት ማሳነስ አይገባም። የሲቪል ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ባይስማማ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሲመረውም መልቀቂያውን ጽፎ ይሄዳል። ወታደር ግን ከአዛዡ ጋር በአንድ ግቢ ያድራል። የሚተኛበት ሰዓት፣ ፈቃድ የሚወጣበት ቀን፣ የሚደርሰው የጥበቃ ተራ፣ የማዕረግ ዕድገቱ፣ በግዳጅ ላይ ደግሞ ሕይወቱ ጭምር የሚወሰነው በዚያው ሰው ቃል ነው። ያለ ፈቃድ ከክፍሉ ቢለይ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ይጠየቃል። ስለዚህ በሠራዊት ውስጥ የአመራር ጉድለት የሚያደርሰው ጉዳት በሌላ መሥሪያ ቤት ከሚያደርሰው ጋር አይነጻጸርም፤ ችሎ ማለፍ የሚለው ምክርም ለተጎጂው ሳይሆን ለአጥፊው የሚመች ምክር ይሆናል።

እኔ አጥብቄ የምናገረው ነገር ይህ ነው፦ ከላይ የሚመጣ መጥፎ አመራር እንዳለ በተራው ወታደር ላይ አያርፍም። በብርጌድ አዛዡና በተራው ወታደር መካከል ሻለቃ፣ ሻምበል፣ መቶና ጓድ የተባሉትን፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱትን የጦር ክፍሎች የሚመሩ ሰዎች አሉ። ከላይ የወረደው ስድብ፣ ያልተጠና ትእዛዝ፣ የሐሰት ሪፖርት ጥያቄ፣ አድልዎ፣ ሁሉ በእነዚህ ሰዎች እጅ ያልፋል። እያንዳንዳቸው የተቀበሉትን ጫና ጨምረውበት ሊያወርዱት ወይም የቻሉትን ያህል በራሳቸው ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። በመጥፎ አዛዥ ሥር ያለ የበታች መሪ አዛዡን ለመለወጥ ሥልጣን የለውም፤ በእሱ ሥር ያሉት ወታደሮች ምን ያህል እንደሚጎዱ ለመወሰን ግን ብዙ ሥልጣን አለው። ይህን ሥልጣኑን ሳያውቀው የሚኖር መሪ ብዙ ነው።

አዛዥ ሁሉ መጥፎ የሚሆነው በአንድ ምክንያት አይደለም፤ መድኃኒቱም እንደዚያው ይለያያል። በአገልግሎት ዘመኔ ካየኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ለያዙት ኃላፊነት ያልደረሱ ነበሩ። ከትምህርት ቤት አዲስ የወጣ መኮንን ወይም ዕድሜውን በቢሮ አሳልፎ በድንገት ጦር እንዲመራ የተመደበ ሰው አለማወቁ እንዳይታወቅበት ይፈራል፤ ፍርሃቱም ጩኸት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን አዛዥ በሰው ፊት ማረም ማለት ጠላት ማድረግ ነው። ልምድ ያለው ሃምሳ አለቃ ትእዛዙን ከተቀበለ በኋላ በራሱ ቃል ይደግመዋል፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል፣ ሬዲዮው ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ እየዘረዘረ ይጠይቃል። አዛዡ የገዛ ትእዛዙን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ክፍተቱ ለራሱ ይታየዋል፤ ያላሰበበትንም ነገር ክብሩ ሳይነካ ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ሲሆን ሁለት አማራጭ ይዞ መቅረብ፣ የእያንዳንዱንም አደጋ ማስረዳት ይገባል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ግን፣ ሕግ የሚጥስ እስካልሆነ ድረስ፣ በሙሉ ልብ መፈጸም አለበት። በግማሽ ልብ የተፈጸመ ትእዛዝ ከስህተት ትእዛዝ የበለጠ ሰው ሲያስጎዳ አይቻለሁ።

ከዚህ የከፋው ችሎታ እያለው ሥልጣኑን ለራሱ የሚያውል አዛዥ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለበላዮቹ ትሑት፣ ለበታቾቹ ጨካኝ ስለሚሆን ከላይ ሲያዩት ምስጉን ነው። የክፍሉ ሪፖርት ሁልጊዜ የተሟላ፣ ሰልፉ የተስተካከለ፣ ግቢው የጸዳ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ሰው ግን እንቅልፍ አጥቶ፣ ፈቃዱ ተከልክሎ፣ ሐሳቡን መናገር ፈርቶ ይኖራል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአሜሪካ ምድር ጦር በአመራር መመሪያው ውስጥ እንዲህ ያለውን አመራር መርዛማ ብሎ ሰይሞ ትርጓሜ እስከ መስጠት የደረሰው ችግሩ የጥቂት ግለሰቦች ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ስለተረዳ ነው። ዕድገት የሚሰጠው ከላይ በሚታየው ውጤት ብቻ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ራሱ እንዲህ ያለውን ሰው እየመረጠ ወደ ላይ ያወጣዋል።

በዚህ ረገድ አንድ የማልረሳው ነገር አለ። በአንድ ወቅት አንድ የበላይ አዛዥ ለምርመራ ከሚመጣ ቡድን በፊት የክፍሎቹ ዝግጁነት ሙሉ ነው ተብሎ ሪፖርት እንዲደረግ ፈለጉ። በእኛ ሻምበል ግን ከመገናኛ ሬዲዮዎቹ ከፊሉ አይሠሩም ነበር፤ ለሚሠሩትም በቂ ባትሪ አልነበረም። የሻምበል አዛዣችን አልተከራከሩም፣ ድምፃቸውንም አላሰሙም። የእያንዳንዱን ሬዲዮ ቁጥር፣ የብልሽቱን ዓይነትና ጥገና የተጠየቀበትን ቀን ጽፈው፣ ፈርመው፣ በሪፖርቱ ላይ አያይዘው ላኩት። ለዚህም ከባድ ተግሣጽ ደረሰባቸው። ወደ እኛ ሲመለሱ ስለ ተግሣጹ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ የዕለቱን ልምምድ እንደ ወትሮው አስጀመሩ፤ እኛ የሰማነው ከሌላ ሰው ነበር። አዛዡን አላሙም፤ በእኛ ላይም ንዴታቸውን አልተወጡም። ያ ሻምበል በኋላ አስቸጋሪ ግዳጅ ሲደርስበት እንዴት እንደታዘዛቸው ያየ ሰው፣ ጫናን በራስ ላይ ማስቀረት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አለቃን በወታደር ፊት ማማት ቀላል ነው፤ ለጊዜውም ያስወድዳል። ነገር ግን ወታደሩ በላይ አዛዡ ላይ ያለውን እምነት ያጣና በግዳጅ ሰዓት የሚይዘው የለውም። በሌላ በኩል መጥፎውን ትእዛዝ ግሩም ነው ብሎ መሸፈንም አይጠቅምም፤ ወታደር ይህን ወዲያው ያውቃልና መሀል ያለውን መሪም አብሮ ይንቃል። ትክክለኛው ትእዛዙን በራስ ስም መስጠት፣ ምክንያቱ የሚታወቅ ከሆነ ማስረዳት፣ ካልታወቀም አልተነገረኝም ብሎ እውነቱን መናገር፣ የሚያስከትለውን ድካም ደግሞ ከወታደሩ እኩል መካፈል ነው። የጥበቃ ተራ ሲበዛ መሪው ተራ ገብቶ ይጠብቅ። ስንቅ ሲያንስ መጨረሻ ላይ ይብላ። ፈቃድ ሲጠብ በመዝገብ በተያዘ ተራ እንጂ በትውውቅ አይስጥ። እነዚህን ለማድረግ የማንም የበላይ ፈቃድ አያስፈልግም።

የወታደርን ችሎ ማለፍ እንደ ዋስትና የሚቆጥሩ ሰዎች ታሪክን ቢያዩ ይጠቅማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1905 ፖተምኪን በተባለው የሩሲያ የጦር መርከብ ላይ አመፅ የተነሳው ትል የታየበትን ሥጋ የመርከቡ ሐኪም ለምግብነት ይሆናል ብሎ ካሳለፈው በኋላ ነበር። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው የፖለቲካ ፕሮግራም ይዞ አልነበረም፤ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ስለከለከሉና ምግቡም ስለከፋ ነበር። ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አስገደዷቸው። በሁለቱም ቦታ አዛዦቹ ችግሩን በቀላሉ ሊፈቱት ይችሉ ነበር፤ ቅሬታውን ሰምቶ ወደ ላይ የሚያደርስ ሰው ግን መሀል ላይ አልተገኘም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 በፈረንሳይ ሠራዊት የሆነው ነው። የሠራዊቱ ዋና አዛዥ ጄኔራል ኒቬል በሁለት ቀን ውስጥ የጀርመንን መስመር እሰብራለሁ ብለው በሚያዝያ ወር የከፈቱት ማጥቃት ከከሸፈና እልቂቱ ከበዛ በኋላም ጥቃቱ ስለቀጠለ፣ ከሠራዊቱ ክፍለ ጦሮች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ውስጥ እምቢተኝነት ተነሳ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን አብዛኞቹ ወታደሮች ምሽጋቸውን ጥለው አለመሄዳቸው ነው፤ ምሽጉን እንጠብቃለን፣ በከንቱ ለሚያስፈጀን ማጥቃት ግን አንወጣም ነበር ያሉት። በግንቦት ወር አዛዥነቱን የተረከቡት ጄኔራል ፔታን ቅጣትንም ተጠቅመዋል፤ ከ500 በላይ የሞት ፍርድ ተሰጥቶ የተፈጸመባቸው ግን ከ50 አይበልጡም። ሠራዊቱን ያረጋጋው በዋናነት ሌላው ሥራቸው ነበር፦ ክፍሎችን እየዞሩ ወታደሮችን አነጋገሩ፣ ፈቃድ በመደበኛነት እንዲሰጥ አደረጉ፣ ምግቡንና የዕረፍት ቦታውን አሻሻሉ፣ ሰፊ ማጥቃትንም ለጊዜው አቆሙ። ያ ሠራዊት እስከ ድሉ ድረስ ተዋጋ። ቅሬታው ከእምቢተኝነቱ በፊት ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ደም ባልፈሰሰ ነበር።

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አባባል በብዙ ሠራዊት ውስጥ ዛሬም ለአዛዥ ይሠራል። ሆኖም ዲስፕሊናቸው የተመሰከረላቸው ሠራዊቶች ለአቤቱታ የተዘረጋ መንገድ አላቸው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1915 የወታደሮችን ጉዳይ የሚከታተል የራሱ እንባ ጠባቂ አቋቁማ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1956 በሕገ መንግሥቷ የፓርላማውን የመከላከያ ኃይል ተጠሪ ደንግጋለች፤ ማንኛውም ወታደር የዕዝ ሰንሰለቱን ሳይጠብቅ በቀጥታ ሊጽፍለት ይችላል። በአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ አንቀጽ 138 መሠረት በአዛዡ ተበደልኩ የሚል ወታደር መጀመሪያ ለራሱ ለአዛዡ ማመልከት አለበት፤ ካልተስተካከለለት ለሌላ የበላይ መኮንን አቤት ይላል፣ ያም መኮንን አቤቱታውን ወደ ላይ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የምወደው በጀርመን የወታደሮች የአቤቱታ ሕግ ውስጥ ያለ አንድ ድንጋጌ ነው። አቤቱታ ከበደሉ በኋላ አንድ ሌሊት ሳያልፍ አይቀርብም፤ ከአንድ ወር በላይም መዘግየት የለበትም። ያች ሌሊት ቁጣውን ታበርዳለች፤ ነገሩ ቁጣ ብቻ ከነበረ ጠዋት ይቀራል፣ በደል ከነበረ ግን ጠዋትም በደል ነው። ይኸው ሕግ አቤቱታ መሠረተ ቢስ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አቅራቢው በማቅረቡ ብቻ እንዳይቀጣ ይከለክላል፤ በቡድን ሆኖ አቤት ማለትን ደግሞ አይፈቅድም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለወጣት መሪዎች ሊሠመርበት ይገባል፤ በብዙ ሠራዊት ውስጥ ተሰብስቦ ፊርማ ማሰባሰብ፣ የቀረበው ጉዳይ እውነት ቢሆንም፣ እንደ አድማ ሊታይና ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። እያንዳንዱ የደረሰበትን በራሱ ስም ቢያቀርብ ይሻላል።

አቤት ለማለት ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። አዛዡ ክፉ ነው የሚል ደብዳቤ የትም አይደርስም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እነዚህ ሰዎች ባሉበት፣ ይህን ቃል ተናገሩ ወይም ይህን አዘዙ፣ ይህም ሆነ የሚል ጽሑፍ ግን ማንም ኃላፊ በቀላሉ ሊጥለው አይችልም። ማስታወሻው በዕለቱ መጻፍ አለበት፤ የግል ትችትና የሰማሁት ነው የሚል ወሬ አይግባበት። ወታደራዊ ምስጢር፣ የክፍል አሰላለፍ፣ የግዳጅ ዝርዝር በግል ደብተርም ሆነ በስልክ መያዝ የለበትም። ቅሬታን በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ብዙ ወጣቶችን ሲያታልል አያለሁ፤ ውጤቱ ግን በደሉ ተረስቶ ምስጢር በማውጣት የሚጠየቀው በዳዩ ሳይሆን ተበዳዩ መሆኑ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሕጋዊ ትእዛዝን የሚመለከት ነው። ሰላማዊ ሰው ግደል፣ እስረኛ ደብድብ፣ ንብረት ዝረፍ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ግን ነገሩ ከአስቸጋሪ አለቃ ጋር የመኖር ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቀረጹትና እ.ኤ.አ. በ1950 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን የሰፈሩት የኑረምበርግ መርሆዎች፣ የሞራል ምርጫ ማድረግ የሚቻልበት ሁኔታ እስካለ ድረስ የበላይ ትእዛዝ ከኃላፊነት እንደማያድን ደንግገዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 በቬትናም ማይ ላይ መንደር አሜሪካውያን ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ሲፈጁ፣ ሂው ቶምፕሰን የተባለው የሄሊኮፕተር አብራሪ ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በሚሸሹት ነዋሪዎች መካከል አሳርፎ ሰዎቹን አስወጣ፤ ያየውንም ለበላዮቹ ሪፖርት አደረገ። በማዕረግ እነዚያን ወታደሮች ከሚመራው መቶ አለቃ በታች ነበር። ሠራዊቱ ለዚህ ተግባሩ የወታደር ሜዳሊያ (Soldier's Medal) የተባለውን ሽልማት የሰጠው ከሰላሳ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ በመካከሉ እንደ ከዳተኛ ያዩት ብዙዎች ነበሩ። ይህን የምጽፈው እምቢታ ዋጋ የለውም ብዬ ማንንም ላለማታለል ነው፤ ዋጋ አለው፣ መክፈልም ያስፈልጋል።

ሌላው በቸልታ የሚታለፈው የአእምሮ ጤና ነው። በየቀኑ የሚዋረድ ወታደር እንቅልፍ ያጣል፣ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ በትንሽ ነገር ይናደዳል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በጦር ሠፈር ውስጥ ግን የድንገት ዝምታ ያስፈራኛል። መሣሪያ በእጁ ያለ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ አደጋው ለራሱም ለሌላውም ፈጣን ነው። ንብረቱን ማደል የጀመረ፣ የመሰናበቻ የሚመስል ነገር የሚናገር ወታደር ሲታይ በቀጥታ መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተው፣ መሣሪያውን በሥርዓት እንዲያስረክብ ማድረግና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ የጓድ መሪው ተግባር ነው። ለዚህም የበላይ አዛዡ ጥሩ ሰው እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም። መሪው ራሱም ቢሆን ከክፍሉ ውጪ የሚያማክረው ሰው፣ የሃይማኖት አባትም ይሁን ሐኪም ወይም የቀድሞ ባልደረባ፣ ሊኖረው ይገባል፤ ጫናን በራሱ ላይ የሚያስቀር ሰው እሱም የሚያካፍለው ካላገኘ አንድ ቀን ይሰበራል። ዝውውር መጠየቅንም ሽንፈት አድርጌ አላየውም። አቤቱታው ከቀረበና መልስ ከታጣ በኋላ በሕጋዊ መንገድ ክፍል መቀየር ወይም ግዴታን ጨርሶ መሰናበት የተከበረ ውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከሥር ያለው ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሥርዓቱ ሳይስተካከል ሸክሙን ለሃምሳ አለቃ ብቻ ማሸከም ፍትሕ አይሆንም። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመረው አሠራር ለሻለቃ አዛዥነት የሚታጩ መኮንኖችን ይመዝን የነበረው በአለቆቻቸው ምስክርነት ብቻ አልነበረም፤ የእኩዮቻቸውና አብረዋቸው የሠሩ የበታቾቻቸው አስተያየት ይጠየቅ ነበር፣ የቦርዱ ቃለ መጠይቅም ጠያቂና ተጠያቂ እንዳይተያዩ በመጋረጃ ተከልሎ ይካሄድ ነበር። ይህ አሠራር ጉድለት አልነበረበትም አልልም፤ ቂም የያዘ የበታች ሊኖር ይችላል። የብዙ ሰው አስተያየት በአንድ ላይ ሲታይ ግን የቂም ቃልና የእውነት ቃል ይለያሉ። አንድን መኮንን ለብዙ መቶ ሰው ሕይወት ኃላፊ ከማድረግ በፊት ቀድሞ የመራቸውን ሰዎች መጠየቅ እንዴት ይከብዳል?

ስለዚህ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል አንድ ነገር እንዲያደርግልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በወታደራዊ ሕግ የሠለጠነ ባለሙያ ጋብዛችሁ፣ አንድ ወታደር በአዛዡ ሲበደል አቤቱታውን በመጀመሪያ ለማን፣ በምን መልክ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚያቀርብ፣ መልስ ካላገኘም ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ፣ አቤት በማለቱ ቢቀጣ ምን ጥበቃ እንዳለው በቀላል ቋንቋ እንዲጽፉልን አድርጉ። ብዙ ወታደር ደንቡን ከቅጣት ክፍሉ በስተቀር አንብቦት አያውቅም። ያንን ጽሑፍ ቆርጦ የሚያስቀምጥና ለጓዱ የሚያነብ የጓድ መሪ በየክፍሉ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታ ላይ ያለ የበታች ሹም